ቂም ከየት ይቆጠራል?

ደመኛ አብዛኛውን ጊዜ አይዋሽም። አስቸጋሪው ነገርም ይኸው ነው። ወንድሜ ተገደለ የሚል ሰው ወንድሙ በእርግጥ ተገድሎበታል፤ ልጄን አጣሁ የምትል እናትም ልጇን በእርግጥ አጥታለች። በቀል ውሸት ላይ የቆመ ቢሆን ኖሮ ምስክር ጠርቶ ማፍረስ ይቻል ነበር። ጥፋቱ ያለው ግን እያንዳንዱ ሰው ሂሳቡን ከሚጀምርበት ቀን ላይ ይመስለኛል።

ይህን እንደ ግሪኩ ጸሐፌ ተውኔት እንደ ኤስኪለስ አጥርቶ ያሳየ ሰው አላውቅም። «ኦሬስቴያ» የተባሉት ሦስት ተከታታይ ተውኔቶቹ አቴንስ ውስጥ መድረክ ላይ የወጡት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ458 ነው። የአርጎስ ንጉሥ አጋሜምኖን ትሮይን አፍርሶ ሲመለስ ሚስቱ ክሊተምኔስትራ ውድ ግምጃ አንጥፋ ትቀበለዋለች። ከዚያም ገላውን በሚታጠብበት ቦታ መውጫ በሌለው ልብስ ጠቅልላ ትገድለዋለች። አትክድም፣ አታፍርም። ወደ ጦርነቱ ሲሄዱ ነፋስ መርከቦቹን አውሊስ ላይ ባገዳቸው ጊዜ አጋሜምኖን የገዛ ልጃቸውን ኢፊጌኒያን መሥዋዕት አድርጎ አርዷታል። የእሷ ሂሳብ የሚጀምረው ከዚያ ቀን ነው።

አብሯት ያሴረው አይጊስቶስ ደግሞ የሚቆጥረው ሌላ ነው። የአጋሜምኖን አባት አትሬዎስ ወንድሙን ቲየስቴስን ግብር ጠርቶ የገዛ ልጆቹን ሥጋ አብልቶታል፤ አይጊስቶስ የተረፈው የቲየስቴስ ልጅ ነው። ስለ ኢፊጌኒያ ግድ የለውም። ቲየስቴስም ቢሆን የወንድሙን መኝታ ያረከሰ ሰው ነበር። ወደ ኋላ በሄዱ ቁጥር ሌላ በደል አይታጣም።

መነሻውን የሚመርጥ ሰው መድረሻውንም ይመርጣል። ክሊተምኔስትራ ባሏን ገድላ ስታበቃ ከቤቱ ክፉ መንፈስ ጋር ውል ልትገባ ትሞክራለች፤ ይሂድልን እንጂ ከሀብቱ ጥቂት ቢቀረኝ ይበቃኛል ትላለች። አይጊስቶስ ሰይፍ ሲመዝዝም ደም ይበቃናል ብላ የምታግደው እሷው ናት። አስመሳይነት አይመስለኝም። ከልቧ ነው። ተበቃይ ሁሉ የእኔ ምት የመጨረሻው ነው ብሎ ያምናል፤ ልጇ ኦሬስቴስ ግን በስደት እያደገ ነው።

ኦሬስቴስ አድጎ ሲመጣ ራሱን ደብቆ የራሱን ሞት ያረዳል። በዚህ ጊዜ ከቤቱ አንዲት አሮጊት ሞግዚት እያለቀሰች ትወጣለች። የምታወራው ስለ ሕፃን ልጅ ነው፤ ሌሊት ሲያለቅስ መነሣቷን፣ መራቡን ይሁን ሽንቱ መምጣቱን መናገር የማይችል ጨቅላ መሆኑን፣ የሽንት ጨርቁን ማጠቧን። በዚያ ሁሉ ደም መካከል ለሰውየው ብቻ ብላ የምታለቅስ እሷ አንዲት ናት ብል ማጋነን አይሆንም። ለቅሶዋም ግን ለሴራው ይውላል። አይጊስቶስን ከነጠባቂዎቹ ጥሪው ተብላ ስትላክ፣ የቤቱ ምርኮኛ ሴቶች ብቻህን ና በይው ብለው መልእክቱን ያስለውጧታል። ሳታውቅ የግድያው ተባባሪ ሆነች። በቀል በቤቱ ያለውን ፍቅር ሳይቀር ሥራ ላይ የሚያውለው እንዲህ ነው።

ከዚያ እናትና ልጅ ይፋጠጣሉ። ክሊተምኔስትራ ጡቷን አውጥታ ታሳየዋለች (ያሳደገችው ሞግዚቷ መሆኗን ግን አሁን ሰምተናል)። ኦሬስቴስ ይንቀጠቀጥና ወደ ጓደኛው ወደ ፒላዴስ ዞሮ ምን ላድርግ ይላል። እስከዚያች ደቂቃ ትንፍሽ ያላለው ፒላዴስ ሦስት ስንኝ ብቻ ተናግሮ አባቱን እንዲበቀል አምላኩ አፖሎ የሰጠውን ትእዛዝ ያስታውሰዋል። ኦሬስቴስ እናቱን ይገድላል። አባቱን ካልተበቀለ የአባቱ ደም ይፋረደዋል፤ ከተበቀለ የእናቱ። በባዕዳን መካከል ቢሆን ደመኛና ዘመድ ለየብቻ ናቸው፤ በአንድ ቤት ውስጥ ግን ሁለቱም አንድ ሰው ላይ ያርፋሉ።

የደም አሳዳጆቹ የበቀል አማልክት፣ ኤሪኒየስ፣ ኦሬስቴስን እያባረሩ አቴንስ ያደርሱታል። እንስቷ አምላክ አቴና የምትሰይመው ችሎት አርዮስፋጎስ ነው፤ በሐዋርያት ሥራ ጳውሎስ የተወሰደበት ያ ስፍራ። ተውኔቱ ከመታየቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ይህ ሸንጎ አብዛኛውን ሥልጣኑን አጥቶ የነፍስ ግድያ ዳኝነት ቀርቶለት ነበር፤ ለውጡን የመራው ኤፊያልቴስም ብዙ ሳይቆይ ተገድሏል። ተመልካቹ እያየ የነበረው የሩቅ ዘመን ተረት ብቻ አልነበረም።

ፍርዱ ራሱ ደካማ ነው። አፖሎ ወላጅ ማለት አባት እንጂ እናት አይደለችም ብሎ ይከራከራል፤ የዛሬ አንባቢ የሚስቅበት ነው። ድምፁ እኩል ለእኩል ይወጣል፤ አቴና እኔ ከእናት አልተወለድኩም ብላ ድምፅዋን ለተከሳሹ ትሰጣለች። ኦሬስቴስ አመስግኖ ወደ አገሩ ይሄዳል። ተውኔቱ ግን አያልቅም። የቀረው በሙሉ ለተሸነፉት ለኤሪኒየስ ነው፤ ከተማይቱን እናጠፋለን ብለው ሲዝቱ አቴና ደጋግማ ትለምናቸዋለች፣ መኖሪያና ክብር ትሰጣቸዋለች። ይህን የእኛ አገር ሰው ለመረዳት አይቸገርም። በወሎ አበጋሮች፣ በሌላውም አካባቢ ደም አድራቂ ሽማግሌዎች ሟች ቤት ደጋግመው የሚመላለሱት፣ ገዳይም ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ የሚወድቀው ጥፋተኛውን ለመለየት አይደለም፤ ጥፋተኛውማ ይታወቃል። የሚለመነው የተበደለው ወገን ነው።

እንዲህ ያለው ሰላም ዋጋ አለው፤ ኤስኪለስም የደበቀው አይመስለኝም። ቁጥሩ እንዲቆም አንድ ሰው ሳይቆጠር መቅረት አለበት። በዚያ ሁሉ ክርክር፣ ከከሳሽም ከተከሳሽም ከዳኛም ወገን፣ የኢፊጌኒያን ስም ያነሣ የለም።