ድህነትን ማስመስከር

ችግረኛ ተማሪን መርዳት ተገቢ መሆኑን የሚክድ በመካከላችን የለም። ነገር ግን ርዳታውን ለማግኘት ወጣቱ «ድሃ ነኝ» ብሎ መፈረም ይገባዋልን?

እ.ኤ.አ. በ2023 ጦርነቱ ከመነሣቱ በፊት፣ ካርቱም ዴም ሠፈር ስኖር የወጣቶችን ማመልከቻ እሞላ ነበር። አንድ ቀን ሁለት ልጆች የሙያ ትምህርት ድጎማ ቅጽ ይዘው መጡ። ለአንደኛው አውሮፓ ያለ ወንድሙ በየወሩ ገንዘብ ይልክለታል፤ ቢሆንም ችግሩን ሲተርክ ድንጋይ ያስለቅሳል። የሁለተኛው እናት መንገድ ዳር ሻይ ይሸጣሉ። «የቤተሰብ ገቢ» ከሚለው መስመር ስንደርስ ልጁ ዝም አለ። እናቱ «ሠርቼ አሳደግሁህ እንጂ ለምኜ አይደለም፤ በስሜ ልመና እንዳትጽፍ» ብለውታል። መስመሩ ባዶውን ቀረ። ድጎማውን ያገኘው የፊተኛው ነው። ሁለቱንም ቅጽ የጻፈው የእኔ እጅ ነው፤ የፊተኛውን ሳሳምር እውነቱን አውቅ ነበር።

«እንግዲያስ ለሁሉም እኩል ይሰጥ» የሚል ይኖራል። አገራችን እንዲያ ነበረች። እ.ኤ.አ. እስከ 2003 ድረስ ፈተናውን አልፎ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባ፣ የነጋዴም ሆነ የገበሬ ልጅ፣ ሳይከፍል ይማር፣ ይበላና ያድር ነበር። የማንም ጓዳ አልተፈተሸም። ነገር ግን ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ ወደ ከብት ጥበቃ የተመለሰው ልጅስ? የአባቱ ግብር ለዚያ ማዕድ ገብቷል፤ እሱ ግን ከማዕዱ አልደረሰም።

በዚያው ዓመት የወጪ መጋራት ደንብ ወጣ። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ከፊሉን፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ሊከፍል ውል ይፈርማል። ደንቡ የሚጠይቀው «አባትህ ምን አለው?» ብሎ ሳይሆን «ነገ ምን ታገኛለህ?» ብሎ ነው። ጨዋ አጠያየቅ ነው እላለሁ። ይሁንና ዛሬ የሳሙናና የደብተር መግዣ ላጣ ልጅ የነገ ደመወዝ ምን ይረባዋል?

ለስደተኛው ደግሞ ቦታው ጥቂት ነው። የጀርመን መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በአልበርት አንስታይን ስም የሚደግፈው የስደተኞች የትምህርት ዕድል እንኳ ችሎታንና ችግርን አብሮ ይመዝናል። ሳይመዘን ቢታደል የሻይ ሻጯን ልጅ ማን እንደሚቀድመው እናውቃለን።

በበኩሌ፣ ችግሩ ይጣራ ባይ ነኝ። ግን ማስረጃ ፍለጋ የሚደክመው ሰጪው ይሁን። ሄዶ ይይ፤ እዚያው ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ፣ ብርጭቆዎቹን ይቁጠር። የልጁ ኑዛዜ ለምን ያስፈልጋል? «ሰጪው ይታለላል» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። በቅጹም ተታሏል፤ ምስክሩ እኔ ነኝ።

ባለፈው ሰሞን እኒያን እናት እዚሁ ካምፕ የውኃ ሰልፍ ላይ አገኘኋቸው። ልጃቸው ጡብ ተሸካሚ ሆኗል።

«መምህር፣ ያ ቅጽ እዚህም ይመጣ ይሆን?» አሉኝ።

«ይመጣል» አልኳቸው።

«ያንኑ ይጠይቃል?»

«አዎን።»

ጄሪካናቸውን አንሥተው ሰልፉን ተከትለው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዱ።