የጠራ ሁሉ እውነት ነውን?

ፎቶግራፍ ማንሳት የሚጀምር ሰው ትልቁ ጭንቀቱ የሚሮጠውን ነገር አጥርቶ ማንሳት ነው። ቤትና ተራራ ይታገሡታል። ሕፃን፣ ፈረስና ሯጭ ግን አይታገሡትም፤ ፊት ይሆናል ብሎ በጠበቀው ቦታ ላይ ጭስ የመሰለ ነገር ያገኛል። እኔም ለዚህ ሙያ ጀማሪ ነኝና ጭንቀቱን አውቀዋለሁ። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ግን ከጭንቀቱ ጀርባ ያለውን ጥያቄ ነው፦ ጥርት ያለ ምስል ሁሉ እውነተኛ ምስል ነውን?

በቅድሚያ ስለ ጥራቱ እናውራ። ነገሩ ምትሐት የለበትም፤ ሒሳብ ነው። 10 ሺህ ሜትርን በ27 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ የሚጨርስ ሯጭ በአንድ ሰከንድ 6 ሜትር ያህል ይጓዛል። በፊታችን ሲያልፍ የካሜራው መዝጊያ ለአንድ ስድሳኛ ሰከንድ ቢከፈት፣ ሯጩ በዚያች ቅጽበት 10 ሳንቲ ሜትር ስለሚሄድ ምስሉ ብዥ ይላል። ለአንድ ሺኛ ሰከንድ ቢከፈት ግን የሚሄደው 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። መዝጊያው በፈጠነ ቁጥር የሚገባው ብርሃን ያንሳልና የሌንሱን ቀዳዳ ማስፋት ይገባል። ሯጩ የሚያልፍበትን ቦታ አስቀድሞ መርጦ፣ ፎከሱን እዚያው ላይ አስተካክሎ መጠበቅም ይረዳል። የቀረው ልምምድ ነው።

ይህ ጥበብ ለሰው ልጅ ያስገኘው ዕውቀት ቀላል አይደለም። ሠዓሊዎች ሽምጥ የሚጋልብ ፈረስን የፊት እግሮቹን ወደ ፊት፣ የኋላ እግሮቹን ወደ ኋላ ዘርግቶ በአየር ላይ እንደሚንሳፈፍ አድርገው ለረጅም ዘመን ሲሥሉት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ የተባለው እንግሊዛዊ በካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ ላይ 12 ካሜራዎችን ደረደረ፤ ፈረሱም እየጋለበ የተዘረጉትን ክሮች ሲበጥስ ካሜራዎቹ ተራ በተራ አነሡት። አራቱም እግሮች ከመሬት የሚነሡበት ቅጽበት በእርግጥ ተገኘ። ነገር ግን እግሮቹ የተዘረጉ ሳይሆኑ ከሆዱ ሥር የተሰበሰቡ ነበሩ። ዓይን ያልደረሰበትን ካሜራ ደረሰበት።

ታዲያ ጉዳዩ እዚህ ላይ አበቃ? አላበቃም። ፈረንሳዊው ቀራፂ ሮዳን፣ ጊዜ በእውነቱ አይቆምምና የሚያቆመው ፎቶግራፍ ይዋሻል፤ እውነተኛው ሠዓሊው ነው ብሎ ተከራከረ። ስለ ፈረሱ እግር ከሆነ እኔ ከማይብሪጅ ጋር ነኝ። ስለ ሰው ፊት ሲሆን ግን የሮዳን ክርክር እንቅልፍ ይነሣኛል።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። በአንድ የኅዳር እሑድ፣ ታላቁ ሩጫ በሚካሄድበት ዕለት፣ ዳገት ላይ ቆሜ ጡረታ የወጡ መምህር ጎረቤቴን ሁለት ጊዜ አነሣኋቸው። አንደኛውን በአንድ ሺኛ ሰከንድ ነው፤ የላባቸው ጠብታ እንኳ ይቆጠራል። ሁለተኛውን በአንድ ሠላሳኛ፣ ካሜራውን ከእርሳቸው እኩል እያዞርኩ፤ ሕዝቡና መንገዱ ተለቅልቀው፣ እግራቸው ደብዝዞ፣ ፊታቸው ብቻ ለየት ብሎ ይታያል። በኋላ ሁለቱንም አሳየኋቸው። የመጀመሪያውን ትክ ብለው አዩትና፣ «ልጄ፣ ይኼ ሰው የሚያንቁት ሰው ነው። እኔ እኮ ያን ዕለት ደስ ብሎኝ ነበር» አሉኝ።

ካሜራው ዋሸ? አልዋሸም። ዓይናቸው በከፊል ተከድኖ፣ አፋቸው ተጣሞ የነበረባት አንዲት ሺኛ ሰከንድ በእርግጥ ነበረች። እኔ ይህችን ቅጽበት አንሥቼ «ጋሼ እኚህ ናቸው» ብል ግን ውሸቱ የእኔ ይሆናል። ዛሬ ካሜራ በየኪሱ ባለበት ዘመን፣ አንድ ጊዜ ሲቆጣ ወይም ሲያለቅስ የተነሣ ሰው ምስሉ አገር ምድሩን ይዞርና ዕድሜ ልኩን ያ ቁጡ፣ ያ አልቃሻ ሆኖ ይቀራል። ማስረጃው ጥርት ያለ ነውና ማንም አይጠራጠርም። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው።

«ያለ ጥራት ፍርድ ከየት ይመጣል?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነበር። እንዲህ ያለውን ልዩነት የሚለይ ካሜራ ግን አሠራሩ ልብ ሊባል ይገባዋል። ቀጭኗን የመጨረሻ መስመር ብቻ እያየ፣ በላይዋ የሚያልፈውን ሁሉ በየጊዜው ቅደም ተከተል ይደረድራል እንጂ አንዲት ቅጽበት አያቆምም። የሯጮቹ አካል ተለጥጦ ወይም ተጨምቆ ሊወጣ ይችላል። የተጠየቀው «ማን ቀደመ?» ነውና ለእርሱ በትክክል ይመልሳል። «ሯጩ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ እርሱም እመልሳለሁ አይልም።

ስለዚህ ምስል እውነት የሚሆነው ለተጠየቀው ጥያቄ ነው እላለሁ። ብዥ ያለ ሁሉ ጥልቅ ነው ማለቴ አይደለም፤ አብዛኛው ብዥታ የእጅ ስንፍና ነው። ካሜራን ከሯጭ እኩል ማዞር እንዲያውም መዝጊያን ከማፍጠን ይከብዳል፤ ሯጩ ከመድረሱ በፊት መጀመር፣ በፍጥነቱ ልክ መዞር፣ ካለፈም በኋላ አለመቆም ይጠይቃል። ሰውን ለማወቅም ከዚህ ያነሰ ድካም የሚበቃ አይመስለኝም።

የጎረቤቴን የመጀመሪያ ምስል አላጠፋሁትም፤ ዳገቱ ምን ያህል እንደከበዳቸው ይመሰክራልና። ለሌላ ሰው ላሳየው ስፈልግ ግን አስቀድሜ እርሳቸውን እጠይቃለሁ።