ተከራይና ጎመን

በኮንዶሚኒየማችን ብሎኮች መሐል ባለው ክፍት ቦታ ጎመንና ቆስጣ እንትከል ተብሎ ተሰበሰብን። እኔም እጄን አውጥቼ «ለየቤቱ ይሸንሸንና ይታጠር፤ የጋራ ነገር ባለቤት የለውም» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። አንዲት እናት ግን «እኛ ተከራዮችስ?» አሉ። ሁላችንም ዝም።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ግቢውን የጋራ ያደረገው ለቤት ባለቤቶች ነው። ሕጉስ ከእኔ ጋር ነው። ነገር ግን ለቅሶ ሲሆን ድንኳን የሚተከለው እዚያው ቦታ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ «ካርታህን አሳይ» የሚል የለም።

አሁን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ግማሹ መደብ ለየቤተሰቡ፣ ግማሹ ተከራይ ሳይል ለሁሉም ይሁን፤ መሐሉ ላይ ጥላና አግዳሚ ወንበር ይኑር። ለመሆኑ የጋራ ጎመን የሚሰረቀው ባለቤት ስለሌለው ነው ወይስ ጎረቤታችንን «የኔም ነው» እንዳይል ስለከለከልነው?