የሟች ባል መታሰቢያ በምን ይጸናል?

ባሏ የሞተባት ሴት ከቀብሩ ማግሥት ጀምሮ ከሐዘኗ ጋር የምትሸከመው አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «የወደደኝንና የወደድሁትን ሰው ከእንግዲህ እንዴት አድርጌ ላክብረው?» የሚለው ነው። ዘመድ አዝማዱ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ እንጀራውና ስለ ጠላው ይመክራል፤ ጎረቤቱም የለበሰችውን ከልና የለቅሶዋን ርዝመት ይመለከታል። እርስዋ ግን በልቧ የምትጠይቀው ስለ ድግስ አይደለም፤ ስለ ታማኝነት ነው። በየቁምስናው እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዘው የሚመጡ መበለቶች ብዙዎች ስለ ሆኑ፣ ጉዳዩን ከሥሩ መመርመር ለእነርሱም ለእኛም የሚጠቅም ይመስለናል።

አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ ሟች በእውነት ሊከበር ወይም ሊበደል ይችላልን? የሚለው ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ341 እስከ 270 የኖረው የግሪክ ፈላስፋ ኤፒቆሮስ፣ የሞተ ሰው የሚሰማው ነገር ስለሌለ ሞት ለሰው ክፉም ደግም አይደለም ብሎ ያስተምር ነበር። በዚህ አሳብ ብንሄድ ለሟች የሚደረገው ሁሉ የነዋሪው መጽናኛ ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን ኅሊናችን ይህን አይቀበልም። አንድ ባል በሞት አልጋው ላይ ሳለ፣ ከጎረቤቱ የተበደረውን ገንዘብ እንድትመልስለት ሚስቱን ቃል አስገብቶ ሞተ እንበል። ምስክር የለም ብላ ዝም ብትል የተበደለው አበዳሪው ብቻ ነውን? ሰው ሁሉ «የባሏን አደራ በላች» ይላታል እንጂ «ባሏ ስለሌለ ምንም አልተነካም» አይልም። ያገራችን ሰው የሙትን አደራ ከሁሉ አደራ አክብዶ የሚያየውም ስለዚህ ነው። ኅሊና በጭላንጭል የሚያየውን ይህን ነገር እምነታችን በሙሉ ብርሃን ያሳየናል፤ ጌታችን ለሰዱቃውያን እንዳስረዳቸው፣ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አምላክ ፊት የሞቱት ሁሉ ሕያዋን ናቸውና። እንግዲህ መበለቲቱ የምታከብረው ትዝታን ብቻ ሳይሆን፣ በእግዚአብሔር ዘንድ ያለውን ሰው ነው።

እንዲህ ከሆነ ለዚያ ሰው የሚገባው ምንድን ነው? የመጀመሪያው እውነት ነው። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» የሚለው የአበው ንግግር መልካም ልጓም ነው፤ መልስ ሊሰጥ በማይችል ሰው ላይ አንደበታችንን እንዳናሾል ይጠብቀናል። ሆኖም ከዚህ አልፈን ሟቹን አንዳች ነቀፋ የሌለበት መልአክ ብናደርገው እንጎዳዋለን፤ ጻድቅ ነው ብለን ለደመደምንበት ሰው መጸለይን እንረሳለንና። መበለቲቱም በልቧ የቀረውን ቁስል የምታወጣበት ቦታ ታጣለች።

በዚህ ረገድ የቅድስት ሞኒካ ቤት መምህራችን ነው። ባሏ ጳጥሪቅዮስ በዛሬይቱ አልጀሪያ ምድር በምትገኘው በታጋስቴ የከተማው ሸንጎ አባል ነበር። ልጃቸው ቅዱስ አውጎስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ አባቱ ደግነት የነበረው ቢሆንም ቁጡ ሰው ነበረ፤ ለትዳሩም አልታመነም። ሞኒካ በትዕግሥት ኖራ በመጨረሻ ወደ ጥምቀት አደረሰችው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ371 ገደማ ዐረፈ። እርስዋም ከእርሱ ጎን የምትቀበርበትን መቃብር አዘጋጅታ ነበር። ነገር ግን በ387 ኦስትያ በተባለች የኢጣልያ ወደብ ስትታመም ያን ምኞቷን ተወችው፤ ሥጋዋ የትም ቢቀበር ግድ እንደሌላት፣ ልጆቿ ግን በጌታ መሠዊያ ፊት እንዲያስቧት ብቻ ለመነች። አውጎስጢኖስም ታሪኳን ሲፈጽም አንባቢዎቹ ለሞኒካና ለጳጥሪቅዮስ፣ ለሁለቱም፣ እንዲጸልዩ ይማጸናል። ልብ እንበል፤ የአባቱን ጥፋት አልሸሸገም፤ ጥፋቱንም ከጸሎቱ የሚያስቀር ምክንያት አላደረገውም። እውነቱን የተናገረው ልጅና ምሕረትን የለመነው ልጅ አንድ ሰው ነው።

ሁለተኛው ለሟች የሚገባው ጸሎትና ምጽዋት ነው። ይሁዳ መቃብዮስ በጦርነት ለወደቁት ወገኖቹ ስለ ኃጢአታቸው መሥዋዕት እንዲቀርብ ወደ ሁለት ሺህ ድራክማ አሰባስቦ ወደ ኢየሩሳሌም እንደ ላከ በሁለተኛው መጽሐፈ መቃብያን ምዕራፍ 12 ተጽፏል። አባቶቻችን ያቆዩልን ሣልስቱ፣ ሰባቱ፣ አርባው፣ ሰማንያውና ሙት ዓመቱም በመሠረታቸው የዚሁ እምነት ፍሬዎች ናቸው። ተዝካር የሚለው ስም «ዘከረ»፣ ማለት «አሰበ»፣ ከሚለው የግእዝ ግሥ የመጣ ነውና፣ ዋናው ነገሩ በቅዳሴ ማሰብና ድኻን ማብላት ነው። ጎረቤት በአንድ ማዕድ ሲሰበሰብ ሐዘንተኛይቱ ብቻዋን እንዳልቀረች ይሰማታልና፣ ድግስ ሁሉ ከንቱ ነው አንልም። ነገር ግን ብዙ ቦታ ነገሩ ተገልብጦ ይታያል፤ ለአንድ ቀን ግብዣ የሚያርሰው በሬ ይሸጣል፣ ብድር ይገባል፣ የልጆች የትምህርት ቤት ወጪ ይበላል። ቅዱስ አውጎስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ421 ወይም በ422 ገደማ ለኖላው ጳጳስ ለጳውሊኖስ ስለ ሙታን በጻፈው ድርሳን፣ የቀብር ክብርና ሥርዓት ከሟቹ ይልቅ ነዋሪውን የሚያጽናና መሆኑን፣ ሟቹን የሚረዳው ግን መሥዋዕቱ፣ ጸሎቱና ምጽዋቱ እንደ ሆነ አስረድቷል። በሬውን ኮትኩቶ ያሳደገው ያ ባል ቢጠየቅ፣ ልጆቹ እንዳይራቡ እንጂ በስሙ እንዲደገስ የሚመርጥ ይመስለናልን? ዕዳውን መክፈል፣ የተጣላውን ማስታረቅ፣ የጀመረውን በጎ ሥራ መፈጸም፣ ሊረዳው ያሰበውን ድኻ መርዳት፣ እነዚህ ሁሉ ተዝካሮች ናቸው።

ሦስተኛውና ብዙ ክርክር የሚነሣበት፣ የራስዋ የመበለቲቱ ሕይወት ነው። ታማኝነት ማለት ከሟቹ ጋር አብሮ መሞት ነውን? ዳግመኛ ብታገባ ከዳችው ማለት ነውን? ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 7፣ ባሏ የሞተባት ሴት በጌታ እስከ ሆነ ድረስ ለማግባት ነጻ መሆኗን ያስተምራል፤ ሳታገባ ብትኖር ደግሞ ይበልጥ ብፅዕት እንደ ሆነች ያመለክታል። መጽሐፍ ቅዱስም ሁለቱንም መንገድ አክብሮ ያሳየናል። ዮዲት ብዙዎች ቢመኟትም የባሏን የምናሴን ትዝታ ይዛ ኖረች፤ ከመሞቷም በፊት ሀብቷን ለባሏ ዘመዶችና ለራስዋ ዘመዶች አካፈለች፤ ከእርሱም ጋር ተቀበረች። ሩት ግን ቦዔዝን አገባች፤ በዚያ ጋብቻ የሟቹ ባሏ የመሐሎን ስም ከርስቱ እንዳይጠፋ ሆነ፤ ከዘርዋም ዳዊት ተወለደ። አንዷ ብቻዋን በመኖር፣ ሌላይቱ በማግባት ሟቻቸውን አከበሩ። ስለዚህ ከሉን ፈጥና ያወለቀችውን «አልወደደችውም»፣ ዘግይታ ያወለቀችውን «ተስፋ የላትም» እያልን የምንፈርድ ሁሉ ያልተሰጠንን ሥልጣን እንወስዳለን።

እዚህ ላይ ለሟቹ ወንድሞችና ዘመዶች የምንናገረው አለን። በሟች ስም የመበለቲቱን ቤትና መሬት ለመንጠቅ የሚነሣ ሰው የወንድሙን መታሰቢያ ያፈርሳል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት በጋብቻ ባፈሩት የጋራ ሀብት ላይ እኩል መብት ሰጥቷቸዋል፤ ከሕጉ በፊት ግን የነቢያት ድምፅ የመበለቲቱንና የሙት ልጁን ፍርድ እግዚአብሔር ራሱ እንደሚጠይቅ ነግሮናል። በቀብሩ ቀን ደረቱን እየደቃ ያለቀሰ ወንድም በአርባው ማግሥት ከሳሽ ሆኖ ቢቆም፣ ያ ልቅሶ ለማን ነበር?

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ይህን በየመንደሩ ማስተማር የእናንተ ድርሻ ነው። ሐዘን ቤት ስትገቡ መበለቲቱ ስለ ባሏ ደግነትም ስለ ድካሙም ሳትፈራ እንድትናገር አድምጡአት፤ ስሙ በቅዳሴ እንዲታሰብ አስታውሱአት፤ ከተዝካሩ በፊትም ዕዳው መከፈሉን፣ ልጆቹም የሚበሉት መኖሩን ጠይቁ። የእድር ሽማግሌዎችም ድግሱ በዐቅም እንዲሆን ቢመክሩ፣ «አቃለለችው» የሚለውን ሐሜት ከእርስዋ ላይ ያነሡላታል።

የሙታንና የሕያዋን ጌታ የሟቾቻችንን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ ዕቅፍ ያሳርፍልን፤ የቀሩትንም መበለቶች በተስፋ ያጽናልን። አሜን።