አጥሩ ድንበሩን አልፎ ሲገኝ

ቤት ከነግቢው ለመግዛት የተነሣ ቤተሰብ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ማሽካንታው፣ ስለ ጣሪያውና ስለ ግድግዳው ነው። አጥሩን ልብ የሚል ጥቂት ነው። እንበልና ቀያሹ፣ በዕብራይስጥ ሞዴድ የሚባለው፣ መጥቶ ሲለካ የጎረቤት አጥር 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። አጥሩ 15 ሜትር ርዝመት ካለው የጎደለው መሬት 9 ካሬ ሜትር ነው፤ አንዲት አነስተኛ መኝታ ክፍል ማለት ነው። ገዢው ምን ማድረግ ይገባዋል?

የሕጉን ነገር በአጭሩ እንለፈው። በእስራኤል አገር መብቱ ተጣርቶ በታቡ በተመዘገበ መሬት ላይ፣ ዘመን መቆጠሩ ብቻ አጥርን ድንበር አያደርገውም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው የመሬት ሕግ፣ ባለቤት መሆን ብቻውን ሌላውን ሰው ለመጉዳት ወይም ለማስቸገር ምክንያት እንደማይሆን ይናገራል። እንግዲህ ሕጉ መብቱን ለገዢው ቢሰጥም በመብቱ እንዴት እንደሚጠቀምበት የመጠየቅ ቦታ ትቷል። ከባዱ ጥያቄም ይኸው ነው።

ለእኛ የድንበር ነገር እንደ ሌላው ሰው አይደለም። በጎንደር አገር ከአባቶቻችን ብዙዎቹ ርስት አልነበራቸውም። የሰው መሬት አርሰው፣ ከምርቱ ለባለርስቱ ከፍለው ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 የገጠር መሬት በአዋጅ ከባለርስቱ ተወስዶ ለአራሹ ሲከፋፈልም፣ ገበሬው መሬቱን ሊሸጥም ሊለውጥም አልተፈቀደለትም። ስለዚህ ስሙ የተጻፈበትን ወረቀት ይዞ «ይህ የእኔ ነው» የሚል ሰው፣ በዘር ሐረጉ የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው «ትንሽ ናት፣ ተዋት» ማለት ለተናጋሪው ብቻ ይቀላል።

ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 19 የባልንጀራን ድንበር መግፋት ይከለክላል፤ በምዕራፍ 27 ደግሞ ድንበር ገፊውን ከተረገሙት ጋር ይቆጥረዋል። ይህን ሽማግሌዎቻችንም ቄሶቻችንም ያውቁት ነበር። ነገር ግን የዛሬውን ጎረቤት ድንበር ገፊ ማለት ችኮላ ነው። ምናልባት እሱም ቤቱን የገዛው ከነአጥሩ ነው፤ ካስማውን የተከለው ሰው ከሰፈሩ ከወጣ ሃያ ዓመት ሆኖት ይሆናል። የገፋና ተገፍቶ ያገኘ አንድ አይደሉም፣ ምንም እንኳ መሬቱ በሁለቱም ዘንድ የሌላ ሰው ቢሆንም።

በአገራችን ሳለን ያልነበረን ሚሽና በዚህ ነገር ላይ የሚያስገርም አስተያየት አለው። ሰው ወራጅ እንጨት ሰርቆ ትልቅ ቤት ቢሠራበት፣ ቤቱን አፍርሶ እንጨቱን እንዲመልስ አይገደድም፤ ዋጋውን ይከፍላል። ምክንያቱም ቤትህን አፍርስ የተባለ ሰው ንስሐ ከመግባት ይሸሻል። ስለ መሬት ግን ሊቃውንቱ መሬት አይሰረቅም ይላሉ፤ ማንም ቢይዘው ከባለቤቱ እጅ እንደ ወጣ አይቆጠርም ማለታቸው ነው። አንዱ ሐሳብ ወደ ምሕረት፣ ሌላው ወደ እውነት ይስባል። እኔ ሁለቱንም አብሬ እይዛቸዋለሁ፤ መሬቱ የገዢው መሆኑ ሳይካድ፣ የጎረቤት መጋዘን ወይም ያደገ የሎሚ ዛፍ በላዩ ቆሞ ከሆነ ግን ከመፍረስ በፊት ስለ ዋጋ መነጋገር ይቻላል። አንተ ምንም ሳትጎዳ ሌላው የሚጠቀምበትን ነገር መከልከልን ሊቃውንቱ የሰዶም ጠባይ ብለውታል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ነገሩ በጊዜው ከተነገረ ነው። የእኛ ችግር እዚህ ላይ ይመስለኛል። ይሉኝታ ይይዘናል። ገና ሳንገባ ጎረቤት ማስቀየም ነውር ይመስለናል፤ እንፈርምና ዝም እንላለን። ዝምታው ትሕትና ይመስላል እንጂ ከአምስት ዓመት በኋላ በልጅ ሠርግ ሰሞን ወይም በመኪና ማቆሚያ ጠብ ቂም ሆኖ ይወጣል። ከዚህ የከፋው ደግሞ አውቆ ዝም ያለ ገዢ ነው። አጥሩን ምክንያት አድርጎ ከሻጩ ዋጋ ያስቀንሳል፤ ቁልፉን ከተረከበ በኋላ ግን ጎረቤቱን «አፍርስ» ይለዋል። አንዱን ጉድለት ሁለት ጊዜ አስከፈለ ማለት ነው። ሕጋዊ ቢሆንም እንኳ ቅንነት አይደለም። ሻጩም እያወቀ ከደበቀ ከዚህ አይሻልም።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ እንደሚባለው፣ ቀያሹ የሚጠራው ከውሉ በፊት ነው። ስምምነት ላይ ከተደረሰም በጽሑፍ ይሁን፣ ምክንያቱም ነገ አንዱ ቤቱን ቢሸጥ የመጪው ሰው መሬት በቃል ሊሰጥበት አይገባም። መሬቱ በኪራይ ከመንግሥት የተያዘ ከሆነ፣ የሁለቱ ጎረቤቶች መስማማት ብቻውን ድንበር አይለውጥም፤ የመሬት ባለሥልጣኑም ፈቃድ ያስፈልጋል።

ለጎረቤቱ የሚነግረውም ገዢው ራሱ ቢሆን ይመረጣል፤ የጠበቃ ደብዳቤ በር ሲያንኳኳ ጆሮ ይዘጋል። ዕብራይስጡ ያልጠና ወላጅ ለዚህ የሚወስደው አስተርጓሚ ብዙ ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁ ነው። ልጁ የአባቱን ቁጣ ለጎረቤት፣ የጎረቤትን ስድብ ለአባቱ እንዲያደርስ ይደረጋል፤ ነገ ጠዋት ደግሞ ከዚያው ጎረቤት ልጅ ጋር አንድ ክፍል ይቀመጣል። ቋንቋውን የሚችል አንድ ዘመድ ወይም ወዳጅ ይፈለግ፤ ልጁ ቤት ይቆይ።