መሞቱ ላይቀር

ስለ ዓሣ ማጥመድ እንጽፋለን ስንል ከዝግጅት ክፍሉ ጓደኞቻችን አንዱ ሳቀብን። «ፍልስፍና አለቀባችሁ እንዴ?» አለን። ዓሣና ህሊና ምን አገናኛቸው ማለቱ ነው። እኛም በፊት እንደዚያው ይመስለን ነበር። ነገር ግን ባለፈው ሰኔ ከሚሴ አጠገብ፣ ሊደርቅ በቀረበ የወንዝ ኩሬ ዳር ያደረግነው ነገር እስካሁን አልለቀቀንም። ስለዚህ ለአንባቢ ማካፈሉን መረጥን፤ የሚስቅም ይሳቅ።

አገሩን ለማያውቅ፦ ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ቦርከና በደሴና በኮምቦልቻ በኩል ወርዶ፣ የጨፋን ረግረግ አቋርጦ ወደ አዋሽ ይጓዛል። በጋው ሲጠና አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አርጎባውም ከብቱን ወደ ጨፋ ሣር ይነዳል። የኛ ጉዳይ ግን ከዋናው ወንዝ ጋር ሳይሆን ወደ እሱ ከሚወርዱት ትንንሽ ገባሮች ጋር ነው። እነዚህ በክረምት ድንጋይ ያንከባልላሉ፤ በልጉ ቀርቶ ግንቦት ሲያልቅ ደግሞ ፍሰታቸው ተቆርጦ ባዶ አሸዋ ይሆናሉ። እዚህም እዚያም ከቋጥኝ ሥር ያቆረ ውሃ ይቀራል፤ ዓሣው ሁሉ እዚያ ይታጎራል። ለአጥማጅ የወቅቱ ማብቂያ ይህ ነው፤ ለሰነፍ አጥማጅ ደግሞ ሠርጉ።

አምስት ነበርን፤ ሦስታችን ሙስሊም፣ ሁለታችን ክርስቲያን። በግ ቢታረድ ሁለት ድስት ይጣዳል። የወሎ ልጅ ይህን አውቆ ያደገ ስለሆነ ማንም አይቀየምበትም። ዓሣ ግን ቢላዋ አይጠይቅም። በእስልምና ሳይታረድ ሐላል ነው፤ ክርስቲያኑም ማን ባረከው ብሎ አይመረምርም። (ከሁለቱ ክርስቲያኖች አንዱ የሰኔን ጾም አስቦ ትንሽ አንገራግሮ ነበር፤ ክርክሩን ለካህናት ትተን አለፍነው።) እንግዲህ አምስታችን ከአንድ ትሪ የምንበላው ሥጋ ቢኖር ይኸው ነው። በ2013 ዓ.ም በአጣዬና በአካባቢው የደረሰውን የሚያስታውስ ሰው፣ አንድ ትሪ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ሊነገረው አያስፈልግም። ይህን የምንለው የሄድነው ለክፋት አለመሆኑን ለማሳየት ነው። በጎ ምክንያት ነበረን። ነገሩን የሚያከብደውም ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለት ቀን በመንጠቆ አጠመድን። ሸንበቆ፣ ናይለን ክር፣ የምድር ትል፤ ሌላ ዕቃ አልነበረንም። በመንጠቆ ማጥመድ አዝጋሚ ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ወሬ ያልቃል። አንድ ጠባይ ግን አለው፤ እያንዳንዱ ዓሣ ብቻውን እጅህ ላይ ይመጣና፣ ልውሰደው ወይስ ልተወው ብለህ እንድትወስን ያስገድድሃል። ትንንሾቹን ቢልጫዎች መለስናቸው። አምባዛ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ክርክር ተነሣ፤ ቅርፊት ስለሌለው በኦሪት ሕግ የተከለከለ ነው ብለው የማይበሉት ክርስቲያኖች ብዙ ናቸው። ለአንዱ ትሪ ሲባል እሱንም መለስነው። የሚገርመው፣ ውሃው ቢደርቅ ከሁሉም ይልቅ የመትረፍ ዕድል ያለው ይኸው አምባዛ ነው። ከአየር መተንፈስ ይችላል፤ እርጥብ ጭቃ ውስጥ ይቆያል፤ ሲብስበትም በመሬት እየተሳበ ሌላ ውሃ ይፈልጋል።

በሩቅ አገር ይህ ጉዳይ ሕግ ወጥቶለታል። በእንግሊዝ አገር ከ1878 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓሣው በሚራባበት ወራት እንዲታረፍለት ተደንግጓል፤ ዛሬም ከማርች 15 እስከ ጁን 15 ለብዙዎቹ የወንዝ ዓሦች መንጠቆ አይጣልም። ከዚያ በፊት ያሉትን የመጨረሻ ቀኖች አጥማጁ እንደ በዓል ዋዜማ ይቆጥራቸዋል። የያዘውንም አብዛኛውን ጊዜ አይቶ፣ መዝኖ፣ ወደ ውሃው ይመልሰዋል። ስዊዘርላንድ በበኩሏ በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የእንስሳት ጥበቃ ደንብ ሊመልሱ አስቦ ማጥመድን ከለከለች። ካልበላኸው ለጨዋታ ብለህ አፉን አትብሳው ነው ነገሩ። ማን ልክ እንደሆነ እዚህ አንፈርድም። ሁለቱም ግን አጥማጁ ዓሣውን አይቶ እንደሚመርጥ አድርገው ይነሣሉ።

በሦስተኛው ቀን ከመካከላችን አንዱ የተፈጨ የብርብራ ፍሬ በላስቲክ ቋጥሮ መጣ። ብርብራን የማያውቅ የገጠር ልጅ የለም። ዱቄቱ ውሃ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል። ፍሬው ሮተኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ በስንጥቡ ገብቶ፣ በውሃው ውስጥ ኦክስጅን እያለ የዓሣው ሰውነት እንዳይጠቀምበት ያደርጋል። ትልቅ ትንሽ አይልም፤ ጫጩቱንም፣ ዓሣው የሚመገባቸውን ነፍሳትም ይገድላል። በ1995 ዓ.ም የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በመርዝ ማጥመድን ይከለክላል። አናውቅም ነበር ብንል ውሸት ይሆንብናል።

ተከራከርን። ያመጣው ጓደኛችን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረው። «ውሃው እንደሆነ ሳምንት አይቆይም። ለፀሐይና ለአሞራ ከምንተወው እኛ ብንበላው ምን አለበት? መሞቱ ላይቀር!» ፈላስፎች ነን ባዮቹ መልስ አጣን። ከብት ሊያጠጡ የመጡ አንድ አባት ቆመው ሰሙንና በኦሮምኛ ጠየቁን፤ አንዱ ጓደኛችን ወደ አማርኛ መለሰልን። «አባቴ፣ መድረቁ እኮ አይቀርም» አልናቸው። «ልጆቼ፣ ዝናቡ ቀጠሮ ሰጥቷችኋል እንዴ?» አሉን። ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ከብቶቻቸውን ወደ ላይኛው ውሃ መልሰው ነዱ።

ዱቄቱን በተንነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ውሃው ነጣ፤ ሆዳቸውን ወደ ላይ የገለበጡ ዓሦች ናቸው ያነጡት። የሚበላውን ለቀምን። ከጣት የማይበልጡት፣ ባለፉት ሁለት ቀኖች አንድ በአንድ የመለስናቸውም ጭምር፣ እዚያው ቀሩ። በአራተኛው ሌሊት ደጋው ላይ ዘነበ። ጧት ጎርፉ ወርዶ ኩሬውን ከወንዙ ጋር አገናኘው። ውሃ ነበረ፤ ዓሣ አልነበረም።

አሁን ወደ ጥያቄው እንግባ። ዝናቡ ባይመጣ ኖሮ ንጹሕ እንሆን ነበር ወይ? ኩሬው በሳምንቱ ደርቆ ቢሆን ያ ጓደኛችን «አላልኳችሁም?» ባለን፣ እኛም አዎን ባልነው፣ ይህም ጽሑፍ ባልተጻፈ ነበር። በ1976 እ.ኤ.አ. በርናርድ ዊሊያምስና ቶማስ ኔጌል «የሞራል ዕድል» በሚባለው ጉዳይ ላይ ተነጋግረው ነበር። ኔጌል የሾፌር ምሳሌ አለው፤ ፍሬኑን ሳያስመረምር የነዳ ሰው ልጅ መንገዱ ውስጥ ከገባበት ገዳይ ይባላል፤ ካልገባበት ቸልተኛ ብቻ። ሁለቱም ግን ያደረጉት አንድ ነው። በደሴ መንገድ ላይ በአይሱዙ የተጓዘ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያሻውም።

እኛ ግን ከሾፌሩ የምንብስ ይመስለናል። ሾፌሩ ስለ ልጁ አላሰበም። እኛ አስበናል፤ አስበንም ሞቱን አስቀድመን ወስነናል። «መሞቱ ላይቀር» የሚለው ቃል ትንቢት ይመስላል እንጂ ትንቢት አልነበረም፤ ፈቃድ መጠየቂያ ነበር። ሰማዩን ማናችንም አላየንም። ብንጠይቅ፣ የአገሩ ሰው በሰኔ ዝናብ ሊመጣም ላይመጣም እንደሚችል ይነግረን ነበር። ነግረውናልም። ዝናቡ ባይመጣም ኖሮ አናውቅም ነበርና ጥፋታችን ያው ነው፤ ልዩነቱ አለመታየቱ ብቻ።

አንድ ነገር ደግሞ ኋላ ታየን። ይህን ዓረፍተ ነገር ማን ነው የሚናገረው? ዓሣው አይለውም። በድርቅ ዓመት ከብቱ የከሳበት አርብቶ አደር ገበያ ሲወጣ «መሞቱ ላይቀር፣ በዚህ ዋጋ ስጠኝ» የሚለው ነጋዴው ነው። አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የድህነትና የረሀብ መጽሐፉ ስለ ወሎ የ1965 እና 1966 ዓ.ም ረሀብ ሲጽፍ፣ አርብቶ አደሩን የጎዳው የከብቱ ማለቅ ብቻ እንዳልነበረ አሳይቷል፤ የተረፈው ከብት ሲሸጥ የሚገዛው እህል ማነሱም ጭምር ነበር። አፋሩ በአዋሽ ዳር የነበረውን የበጋ ግጦሽ ለእርሻ ድርጅቶች ማጣቱንም ጽፏል። ከብቱ ሳይሞት እንደሞተ ተቆጠረና ዋጋው ወረደ። እኚያ አባት ዕድሜያቸው እንደሚነግረን ያንን ዘመን ያዩ ናቸው። ጥያቄያቸው ከዚያ መምጣቱን እርግጠኞች አይደለንም፤ እንጠረጥራለን።

ቆይ፣ እዚህ ላይ ራሳችንን ማረም አለብን። የራበው ሰው የመጨረሻዋን ኩሬ ቢያጠምድ ማን ይፈርድበታል? እኛ አንፈርድም። ልጆቹ የሚበሉት ያጣ አባትና የመመለሻ ትራንስፖርት ኪሱ ውስጥ ያለ ተማሪ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገሩም ነገራቸው አንድ አይሆንም። በጣና ሐይቅ እንኳ ቢልጫው ሊራባ ወደ ወንዝ በሚወጣበት ወራት መረቡ ወንዝ አፍ ላይ እየጠበቀው ዘሩ በእጅጉ መመናመኑን አጥኚዎች ሲጽፉ፣ ከመረቡ ጀርባ ያለውን ድሀ ረስቶ አጥማጁን መርገም ቀላል ነው። የኛ ግን ችግር አልነበረም። በመንጠቆ ለአምስት ሰው የሚበቃ ዓሣ ሁለት ቀን ይዘን ነበር። ሰልችቶን ነው።

አንድ ትሪ መብላታችንስ? እሱ እውነት ነበር። ያን ማታ የሳቅነውን ያህል ስቀን አናውቅም። በጎው ምክንያት ሥራውን አላጠበውም፤ ሥራውም በጎነቱን ውሸት አላደረገውም። እነዚህን ሁለቱን እንዴት አንድ ላይ እንደምንይዝ እየተከራከርንበት ነው።

ዘንድሮም ሰኔ ላይ ለመሄድ አስበናል። ብርብራውን ያመጣው ጓደኛችን ይህን ጽሑፍ ከመባዛቱ በፊት እንዲያነበው ሰጠነው። ሁለቴ አነበበና፣ «ሁላችሁም በልታችኋል እኮ» አለን። «ጣፍጧችሁ እንደነበረም ጻፉ።»

ጣፍጦን ነበር።