ማን ይመስክርለት?

በጋምቤላ ክልል ኢታንግ ልዩ ወረዳ የሚገኘው የኩሌ የስደተኞች መጠለያ የተከፈተው በግንቦት 2006 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባ ውስጥ የፈነዳው ጦርነት ወደ ላይኛው ናይል ሲዛመት ድንበር ተሻግረው የመጡት፣ አብዛኞቹ ኑዌሮች፣ ልጅ አዝለውና ዕቃ ተሸክመው በእግራቸው የተጓዙ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ባለ ጉዞ ሰው የሚያተርፈው ነፍሱን ነው። የልደት ካርድ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ወደኋላ ቀርተዋል፤ መዝገቡን ይይዝ የነበረው መሥሪያ ቤትም አብሮ የፈረሰበት ቦታ አለ።

ያን ጊዜ በ10 ዓመቱ በእናቱ እጅ ተይዞ ኩሌ የገባ ልጅ ዛሬ ከ20 ዓመት አልፏል። ሕግ ተምሮ፣ በአገሩ ወይም በሌላ አገር ጠበቃ ለመሆን አመለከተ እንበል። ከሚሞላቸው ቅጾች አንዱ መልካም ጠባይ እንዳለው ማስረጃ እንዲያቀርብ ይጠይቀዋል። ከየት ያመጣል? ከዚህ ጥያቄ ሥር ደግሞ ሌላ የቆየ ጥያቄ አለ፤ ለመሆኑ የሰው ጠባይ በምን ይረጋገጣል?

ጥያቄው በጠበቃ ላይ የሚጠነክርበት ምክንያት ግልጽ ነው። ባለጉዳይ ለጠበቃው ለንስሐ አባቱ የሚነግረውን ያህል ምስጢር ይነግረዋል፤ የካሳ ገንዘቡን፣ የቤቱን ካርታ፣ አንዳንዴም ነጻነቱን በእጁ ያስቀምጣል። ባሏን በጦርነት ያጣች፣ የፍርድ ቤቱን ቋንቋ የማትሰማ ሴት ጠበቃዋ በስሟ ምን እንደተናገረ ማጣራት አትችልም። ያላት መተማመኛ የሰውየው ጠባይ ነው።

በኢትዮጵያም ሕጉ ይህን አልዘነጋም። አዋጅ ቁጥር 199/1992 የጥብቅና ፈቃድ አመልካች በሕግ ዕውቀቱ ብቻ ሳይሆን ለፍትሕ ሥራ በሚመጥን ጠባዩም እንዲመዘን አድርጎ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው ደንብ ቁጥር 57/1992 ደግሞ የጠበቆችን ሥነ ምግባር ዘረዘረ። በኋላ የቀድሞውን አዋጅ የተካው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የፌዴራል ጠበቆች ማኅበር እንዲቋቋም በማድረጉ፣ የባልንጀራን ጠባይ የመጠበቅ ኃላፊነት በከፊል ወደ ሙያው ሰዎች መጣ።

በተግባር ግን ጠባይ ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ፖሊስ አሻራ ወስዶ የሚሰጠውን ከወንጀል ነጻ የመሆን ማስረጃ ነው። ወረቀቱ ጠቃሚ ነው፤ ይዘቱ ግን ጠባብ ነው። የሚናገረው ይህ አሻራ በጥፋተኞች መዝገብ ውስጥ አልተገኘም የሚለውን ብቻ ነው። ሰውየው አደራ ይበላ ወይም ይጠብቅ እንደሆነ፣ ሲሳሳት ያምን ወይም ይክድ እንደሆነ አይናገርም። ክፉ ነገር አለመመዝገቡ በጎ ነገር መኖሩን አያሳይም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ላይ የተጻፈው ታሪክ ይህን ችግር ከሥሩ ይነካዋል። ምእመናንን ያሳድድ የነበረው ሳውል አምኖ ወደ ኢየሩሳሌም ሲመጣ ደቀ መዛሙርቱ ፈሩት። መዝገቡ ቢገለጥ የሚገኘው ለእስራት ያስጎተታቸው ሰዎች ስም ነው። ይዞት ወደ ሐዋርያት የገባው በርናባስ ነበር። በርናባስ፣ ሳውል ደግ ሰው ነው፣ ጨዋ ነው ብሎ በማወደስ አልጀመረም። በመንገድ የሆነውን፣ ቀጥሎም ሳውል በደማስቆ በድፍረት ያደረገውን ተረከ። የመስካሪውም ቃል ክብደት ያገኘው ከዚያ በፊት በተሠራ ሥራ ነው፤ በምዕራፍ 4 እንደተጻፈው በርናባስ እርሻውን ሸጦ ገንዘቡን በሐዋርያት እግር አጠገብ ያኖረ ሰው ነበር። ምስክርነት እንግዲህ ሁለት ሰዎችን አብሮ ይመዝናል፤ የሚመሰከርለትንም፣ የሚመሰክረውንም።

እ.ኤ.አ. በ1894 በደቡብ አፍሪካ ናታል ጠበቃ ለመሆን ያመለከተው ወጣቱ ሞሃንዳስ ጋንዲ ይህን በራሱ ላይ አየው። የአውሮፓውያን ቃል የበለጠ ይሰማል ብሎ ከሁለት የታወቁ አውሮፓውያን ነጋዴዎች የጠባይ ምስክር ወረቀት አያይዞ ነበር። የናታል የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተቃወመው፤ ዋናው ተቃውሞ የቆዳ ቀለሙ ነበር። ጋንዲ በሕይወት ታሪኩ እንደሚያወሳው፣ ማኅበሩ የቀጠረው ጠበቃ አነጋግሮት የነጋዴዎቹ ወረቀት ለእርሱ ዋጋ እንደሌለው ነገረው፤ ስለ አንተ ምን ያውቃሉ ነው ነገሩ። የፈለገው የአገሩ ልጅ፣ ቤተሰቡን የሚያውቀው የሕንዱ ነጋዴ የአብደላ የመሐላ ቃል ነበር። ፍርድ ቤቱ በመጨረሻ ጋንዲን ተቀበለው። በዚያ አድሏዊ ሥርዓት ውስጥ እንኳ ከታላላቆቹ ማኅተም የቅርብ ሰው ዕውቀት በልጦ የተገኘበት አጋጣሚ ነው።

የቅርብ ምስክር ብዛት ግን ብቻውን አያድንም። ኩሌ ከመከፈቱ 4 ወራት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2014፣ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ውሳኔዎች ሰጠ። የመጀመሪያው በልጅነቱ ከሜክሲኮ ስለመጣውና የመኖሪያ ፈቃድ ስላልነበረው ስለ ሰርጂዮ ጋርሲያ ነው። ፍርድ ቤቱ ወረቀት ማጣቱ ብቻውን የጠባይ ጉድለት አይደለም ብሎ ጠበቃ እንዲሆን ፈቀደለት። ሁለተኛው በጋዜጠኝነት ዘመኑ ከ40 የሚበልጡ ጽሑፎች ውስጥ ፈጠራ ስላስገባው ስለ ስቲቨን ግላስ ነው። ተለውጧል ብለው የመሰከሩለት ብዙ ነበሩ። ይሁንና ፈጠራዎቹን በማጋለጥ ረገድ ስለሰጠው እርዳታ ቀደም ሲል በኒው ዮርክ ባቀረበው ማመልከቻ የተናገረው እውነት ሆኖ አልተገኘም፤ ፍርድ ቤቱ ሳይቀበለው ቀረ። ጠባዩ የተፈተነው ከ15 ዓመት በፊት በሠራው ብቻ አልነበረም፤ ያንኑ ሥራ ሲናዘዝ ምን ያህል ሳይቀንስ እንደተናገረም ጭምር ነው።

በሌላ በኩል ጥፋተኛ መባል ሁልጊዜ ጠባየ ብልሹ መሆን አይደለም። ኔልሰን ማንዴላ ኢፍትሐዊ ሕጎችን በመቃወም ዘመቻ ከተፈረደበት በኋላ የትራንስቫል የሕግ ማኅበር ከጠበቆች መዝገብ እንዲሰረዝ ጠይቆ ነበር። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1954 አልተቀበለውም፤ ሰው ለሕዝቡ መብት ሲል መከሰሱ እምነት አጉዳይ አያደርገውም የሚል ነበር የፍርዱ መንፈስ። የእኛም የወንጀል ሕግ የበደለ ሰው ለዘላለም በበደሉ እንዳይጠራ መሰየም የሚባል በር ከፍቷል። ቅጣቱን ጨርሶ፣ ጊዜ አልፎ፣ በመልካም ጠባይ የኖረና ካሳውን የከፈለ ሰው በፍርድ ቤት ሊሰየም ይችላል፤ ያ የጥንት ፍርድም እንዳልነበረ ይቆጠርለታል።

ይህ ሁሉ ወደ ኩሌ ይመልሳል። ኑዌሮች ከመዝገብና ከማኅተም በፊት የታመነ ሰው ነበራቸው። አንትሮፖሎጂስቱ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጥንቶ እንደጻፈው፣ የነብር ቆዳ የሚለብሰው የምድር አለቃ ፖሊስ የለውም፣ የሚያስርበት ቤትም የለውም። ሰው የገደለ ቤቱ ይጠጋል፤ አለቃውም በሁለቱ ወገኖች መካከል ተመላልሶ በከብት የሚከፈል ካሳ ያደራድራል። ሥልጣኑ ሁለቱም ወገኖች ስለሚያከብሩት ብቻ የቆመ ነበር።

ይሁን እንጂ የዘመድ ምስክርነት አደጋም እንዳለው መካድ አይገባም። ወገኑን የማይጥል ሰው የወገኑን ጥፋት ሊሸፍን ይችላል፤ በሌላው ጎሣ ላይ ሲሆን ደግሞ ቃሉ ሊከብድ ይችላል። ማኅተም ያለው ወረቀት የተፈጠረው ከዚህ ለመጠበቅ ጭምር ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 25 መካከለኛ መንገድ አበጀ፤ ስደተኛው ከአገሩ ሊያገኘው የማይችለውን ሰነድ ያስጠለለው አገር ባለሥልጣን እንዲሰጠው ወይም እንዲያሰጠው ያዛል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው።

ሰነዱ ግን ባዶ ቃል እንዳይሆን በውስጡ የሚጻፈው ወሳኝ ነው። ከኩሌ የሚወጣ የድጋፍ ደብዳቤ መልካም ጠባይ ያለው ወጣት ነው ብሎ ቢዘጋ ለማንም ሊጻፍ ይችላል። የብሎኩ አስተባባሪ ግን ይህ ልጅ ለሁለት ዓመት የቦኖውን ቁልፍ ይዞ ወረፋ ሲያስይዝ ዘመዱን አላስቀደመም፣ የራሽን ካርድ ወድቆ አግኝቶ ለባለቤቱ መልሷል፣ አንድ ጊዜ ተጣልቶ ሰው መትቶ በሽማግሌ ፊት ጥፋቱን አምኗል ብሎ ቢጽፍ፣ ከታችም ስልኩን ቢያኖር፣ ፈቃድ ሰጪው የሚደውልበት ምክንያት ያገኛል። ደውሎም ስለ ቁልፉ ሳይሆን ስለ ጠቡ ቢጠይቅ ይበጃል፤ የተመታው ሰው ዛሬ ከእርሱ ጋር ይነጋገራል?